ላም አለኝ በሰማይ

ፍራንክ ፓቪች በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው «የጆዶሮቭስኪ ዱን» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ሳይሠራ ስለቀረ ፊልም ይተርካል። የቺሊ ተወላጁ አሌሃንድሮ ጆዶሮቭስኪ በ1970ዎቹ አጋማሽ የፍራንክ ኸርበርትን «ዱን» የተሰኘ የሳይንስ ልብወለድ ፊልም ሊያደርገው ተነሣ። ለንጉሠ ነገሥቱ ቦታ ሠዓሊውን ሳልቫዶር ዳሊን አጨ፤ ልጁን ብሮንቲስን ሁለት ዓመት ፍልሚያ አስጠና፤ ሞቢየስ ወደ 3000 የሚጠጋ ሥዕል ሣለለት። ሆሊውድ ግን ገንዘቡን ነፈገ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ዘጋቢ ፊልሙ ጥፋቱን በባለገንዘቦቹ ላይ ይደፈድፋል። ታዲያ ሰውዬው ራሱ 12 ሰዓት የሚፈጅ ፊልም ማሰቡን ሲነግረን፣ ይህን ማን ተቀምጦ ያያል ብሎ አጥብቆ የሚሞግተው አናይም። ተናጋሪው ሁሉ እየተቀባበለ ያሞግሳል። ያልተሠራ ፊልም እኮ ምን ጉድለት ይገኝበታል! ተዋናዩ አይደናቀፍ፣ ተመልካቹ አይሰለች።

እኛን የነካን ሌላ ቦታ ነው። ዴቪድ ሊንች በ1984 «ዱን»ን ሲያወጣ ጆዶሮቭስኪ እያዘነ ሊያይ ሄደ፤ ፊልሙ መበላሸቱን ሲያይ ግን ደስ አለው። ይህን ሳያፍር ይናገራል፤ እውነተኛ ሰው ያየነው እዚህ ላይ ነው። ሆኖም የሊንች ሥራ ደከመም በረታ ሸራ ላይ ወጥቷል፤ ሊተች ይችላል። የጆዶሮቭስኪ ባልደረቦች ጊገር፣ ፎስ፣ ሞቢየስና ኦባነንም ችሎታቸውን በፊልም ያየነው በ1979 «ኤሊየን» ላይ ሲሠሩ ነው።

እኛስ? በየዶርማችን ያልተጻፈ ታላቅ ልብወለድ የሌለው ማን አለ? ይጻፍና ይምጣ፤ ቢያንስ እንተቻችበት።