የኦኪፍ ሌሊት በጥጥ ወረቀት ላይ

ጆርጂያ ኦኪፍ እ.ኤ.አ. በ1927 የሳለችውን የኒውዮርክ ራዲያተር ሕንፃ በጥሩ ኅትመት ያየ ሰው የከተማ ሌሊት ምን ያህል እንደሚያምር ይገባዋል። አርክቴክት ሬይመንድ ሁድ የነደፈው ጥቁር ሕንፃ በሥዕሉ መሐል ቀጥ ብሎ ቆሟል። መስኮቶቹ ነጭ ሆነው ያበራሉ፤ በስተቀኝ እንፋሎት ይትጎለጎላል፤ በስተግራ የባለቤቷ የአልፍሬድ ስቲግሊትዝ ስም በቀይ መብራት ተጽፏል።

ዋናው ሥዕል የፊስክ ዩኒቨርሲቲና የክሪስታል ብሪጅስ ሙዚየም የጋራ ንብረት ሲሆን፣ በናሽቪልና በቤንተንቪል መካከል ይመላለሳል። እዚያ ድረስ መሄድ ለማይችል ሰው ኅትመቱ ትልቅ ውለታ ነው።

የኅትመቱ ጥራት የሚፈተነው በጥቁሩ ነው። በርካሽ ፖስተር ላይ ሕንፃውና ሰማዩ አንድ ጥቁር ሆነው ይዋጣሉ። በጥጥ ወረቀት ላይ በፒግመንት ቀለም በጥንቃቄ ሲታተም ግን የሕንፃው ጠርዝ ከሰማዩ ጥርት ብሎ ይለያል፤ የማያብለጨልጨው ወረቀትም የክፍሉን መብራት መልሶ ዓይን ላይ አይረጭም። የዘይት ቀለሙን ገጽ ኅትመት ሊተካው አይችልም። የኦኪፍ ጥበብ ግን በዋናነት ያለው በቅርጾቹ አደራደርና በብርሃኑ አቀማመጥ ላይ ነው፤ ይህን ደግሞ ጥሩ ኅትመት በታማኝነት ያደርሰዋል። ለሳሎን ግድግዳ አንድ ሥዕል ለሚፈልግ ሰው ያለማመንታት የምመርጥለት ይህንን ነው።