የግድግዳው ፊደል ገበታ

ከመንገድ ዳር ተገዝቶ በምስማር ወይም በሊጥ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የፊደል ገበታ ወላጅን አስተማሪ ያደርጋል። 33 ረድፍ በሰባት ዓምድ፤ በድምሩ 231 ፊደል። ልጅ ግን ብልጥ ነው፤ «ሀ ሁ ሂ»ን እንደ ዜማ ሸምድዶ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ይወርደዋል።

ይህን የሚነቃበት ወላጅ ነው። እናት ሽንኩርት እየከተፈች «እስቲ አሁን ከታች ወደ ላይ ቁጠርልኝ» ትላለች። አባት በስንደዶ ከገበታው መሃል «ጮ»ን ይነካና «ይቺስ ማናት?» ይላል። የኔታዎች አቡጊዳን የሚያስቆጥሩትም ለዚሁ ነው፤ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ተብሎ ቅደም ተከተሉ ሲቀየር ያወቀው ከሸመደደው ይለያል።

ይበልጥ የምትደነቀው ደግሞ ራሷ ፊደል ያልቆጠረችው እናት ናት። ደብተሩን ታስገልጠዋለች፤ «ጮክ ብለህ አንብብልኝ» ትለዋለች። ሲደነቃቀፍ ጆሮዋ ይነግራታል፤ «እሷን ድገማት» ትላለች። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብ የቻሉ አያቶችም መነጽራቸውን አድርገው ያግዟታል።

መምህር ክፍል ሙሉ ተማሪ አለበት። ቤት ውስጥ ግን ለአንድ ልጅ ሙሉ ጆሮ የሚሰጥ ሰው አይጠፋም፤ ከራት በፊት አሥር ደቂቃ ይበቃል።