በጥንቃቄ የተሠራ አንቀጽ

በጎንደር የትርጓሜ ጉባኤ፣ ላይ ቤትም ሆነ ታች ቤት፣ ንባብ ተቆርጦ ነው የሚታየው፤ አንድ ቃል ለምን እንደገባ፣ ባይገባ ምን እንደሚጎድል ይመረመራል። በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 እንደዚያው እየቆረጥሁ ማንበብ እወዳለሁ። ስለ ዘር ማጥፋት የተጻፈን አንቀጽ «ውብ ነው» ማለት የሚከብደው ሰው ይኖራል። እኔ ግን ውብ ነው እላለሁ፤ ገዳይ ሾልኮ የሚያመልጥበትን ቀዳዳ አስቀድሞ አስቦ የደፈነ ሰው የእጅ ሥራ ስለሆነ።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዘር ማጥፋትን የሚከለክለውን ስምምነት ያጸደቀው ኅዳር 30 ቀን 1941 ዓ.ም. ነው። ስምምነቱን ከአገሮች ሁሉ ቀድማ ተቀብላ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት፤ ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም.። በፋሺስት ጭፍጨፋ ያለፈ አገር መቅደሙ አይገርምም። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉን ረቂቅ በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት የጄኔቫው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ሲሆኑ፣ ሕጉ ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. ታወጀ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ።

አሁን ወደ ስፌቱ እንጠጋ። የድርጅቱ ጠቅላላ ጉባኤ በ1939 ዓ.ም. ባወጣው የመጀመሪያ ውሳኔ በዘርና በሃይማኖት ከሚጠቁት ወገኖች ጎን የፖለቲካ ወገኖችንም ጠርቶ ነበር። ስምምነቱ ሲጻፍ ግን መንግሥታት መስማማት አቃታቸውና የፖለቲካ ወገን ከዝርዝሩ ወጣ። የኢትዮጵያ ሕግ መልሶ አስገባው። አንቀጹ በዚህም አላበቃም። ስምምነቱ በግዳጅ ስለሚወሰዱ ሕፃናት ብቻ ሲናገር፣ የኛው ሕዝብን በግዳጅ ማፈናቀልንና መበተንንም ጨመረ። ከሁሉ የምወደው ግን የግሦቹን ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ያደራጀ፣ ቀጥሎ ያዘዘ፣ በመጨረሻ የፈጸመ። ጠመንጃ ያልነካው፣ ቢሮ ተቀምጦ ዝርዝር ላይ የፈረመው ባለሥልጣን በአንቀጹ በር ላይ መጀመሪያ የሚጠራው ሰው ነው።

ይህ ሥራ የተፈተነው ጎንደር ውስጥ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በደርግ ቀይ ሽብር ዘመን፣ ክፍለ ሀገሩን ያስተዳድር በነበረው በሻለቃ መላኩ ተፈራ ሥር የጎንደር ወጣት የተቃዋሚው ፓርቲ የኢሕአፓ ወገን ነው እየተባለ «ነፃ እርምጃ» ተወሰደበት። ገዳይና ሟች ብዙ ጊዜ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ፣ አንድ ደብር የሚስሙ ነበሩ። በዓለም አቀፉ ስምምነት ብቻ ቢዳኝ ኖሮ ይህ እልቂት በተራ ግድያነት በታለፈ። ደርግ አንቀጹን ከሕጉ መጽሐፍ ሳይፍቀው ስለቀረ፣ በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሲመጣ በቦታው አገኘው። ተከሳሾች የፖለቲካ ወገን በስምምነቱ አይሸፈንም ብለው ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱም አገር በሕጓ ከስምምነቱ የሰፋ ጥበቃ መስጠት ትችላለች ብሎ ተቃውሞውን ጣለው። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በመንግሥቱ ኃይለ ማርያምና በባልደረቦቹ ላይ የጥፋተኝነት ፍርድ ሲሰጥም ሁለት ዳኞች በዚሁ ጸኑ፤ ሦስተኛው አንቀጹ በደርግ አዋጆች ተሽሯል ብለው ተለዩ። መላኩ ተፈራም በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተብሎ ሞት ተፈረደበት።

በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጹን በቁጥር 269 ሲያድስ፣ ብሔርንና ብሔረሰብን ከመጨመሩ ሌላ፣ ሰዎችን መሰወርንም ከግድያው ጎን አስገባ። የልጇን አስከሬን ያላገኘች እናት በዚያ ዘመን ምን እንደቆጠረች ለሚያውቅ፣ ይህ ጭማሪ ከፍርድ ቤት መዝገብና ከእንባ የተማረ እጅ ሥራ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 28 ይህን የመሰለ ወንጀል በይርጋ እንዳይታገድ፣ በምሕረትና በይቅርታ እንዳይታለፍ ዘግቶ፣ ለርእሰ ብሔሩ አንዲት ጠባብ በር ብቻ ተወለት፦ የሞት ፍርድን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት መለወጥ። በ2003 ዓ.ም. የደርግ ባለሥልጣናት የሞት ፍርድ የተለወጠው በዚህች በር ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ብዙዎቹ በአመክሮ መፈታታቸው ግን የሟች ቤተሰብን ቅር ቢያሰኝ አይፈረድበትም።

ስፌቱ የላላበትንም መናገር አለብኝ። የ1949ኙ ሕግ በአርእስቱ በሰው ዘር ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን ጠርቶ በውስጡ ለብቻቸው አልደነገገም፤ አዲሱም ይህን ጉድለት አልሞላም። ለመከላከል ዋናው መሣሪያ መሆን የሚገባው አንቀጽ 274፣ በአደባባይ በቃል፣ በሥዕል ወይም በጽሑፍ ለእልቂት የሚቀሰቅስን ሰው ቅጣት ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ይወስነዋል። ይህ ትንሽ ነው። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ በአንድ ቀብር ላይ የተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት አጥፍቶ ወደ ሌሎች ከተሞች ሲዛመት ያየ ሰው፣ ቃል ከጥይት ቀድሞ እንደሚሄድ አይጠፋውም።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ መሠረት ሕጉ እንደገና ይታያል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በዳባት ወረዳ ጭና ላይ በትግራይ ተዋጊዎች የተገደሉት ሲቪሎች ቤተሰቦች፣ በማይካድራም በአክሱምም ያለቀሱት ሁሉ የሚጠብቁት ይህን ሥራ ነው። ስለዚህ አርቃቂዎቹን እለምናለሁ፦ በሰው ዘር ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን በራሳቸው አንቀጽ ደንግጉ፣ የቀስቃሹን ቅጣት ከፍ አድርጉ፤ ከዓለም አቀፉ ስምምነት ጋር እናስተካክል በሚል ምክንያት ግን የፖለቲካ ወገንን ከዝርዝሩ አታውጡ።