የጭቃ ግድግዳ ውለታ

ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ የሚያልፍ ሁሉ በሙቀቷ የሚያውቃት ከተማ ናት። ቀትር ላይ ስስ የብሎኬት ክፍል ሲግል፣ ደህና ሆኖ የተመረገ የጭቃ ቤት ቀዝቀዝ ይላል። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት ይቦካል፤ ጭዱ ስንጥቁን ይቀንሳል፣ ውፍረቱ የፀሐዩን ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። ጉዱ ያለው የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ነው። ለእሱም የጆንያ ኮርኒስ ተበጅቶለታል፤ መልኩ አያምርም፣ ሥራውን ግን ይሠራል። በእድሳት ጊዜ በጭቃው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የሲሚንቶ ልስን እርጥበቱን አፍኖ ይላቀቃል፤ ለጭቃ ጭቃ ይሻለዋል። እንግዲህ ፎቃችሁን በመስታወት ልታለብሱ ያሰባችሁ፣ ቬንትሌተር ከመግዛታችሁ በፊት የጣሪያውን ክፈፍ አስረዝሙ፤ የምዕራቡንም መስኮት አጥብቡት።