የጀርመን ወታደር ኩባያና የዳሞት ዋንጫ፦ የመጠጫ ዕቃ አሰባሰብ ላይ የቀረበ ሂሳዊ ዳሰሳ

ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንሥቶ አንደኛው የዓለም ጦርነት እስከፈነዳበት እስከ 1914 (እ.ኤ.አ.) ድረስ፣ የግዴታ አገልግሎቱን ጨርሶ ወደ ተጠባባቂነት የሚዛወር ጀርመናዊ ወታደር ለመታሰቢያ የቢራ ኩባያ ያሠራ ነበር። አብዛኛው ግማሽ ሊትር ይይዛል፤ ገላው ሸክላ ወይም ፖርሴሊን፣ ክዳኑ የቆርቆሮ ቅይጥ ነው። በጎኑ ላይ የባለቤቱ ስም፣ የሬጅመንቱ ቁጥር፣ ያገለገለበት ዓመትና ብዙ ጊዜም የጓዶቹ ስም ዝርዝር ይጻፍበታል። የክዳኑ ማንሻ ሳይቀር ይናገራል፤ የባቫሪያው ወታደር ኩባያ ላይ አንበሳ ይታያል። የፖርሴሊኑ ኩባያ ተጠጥቶ ሲያልቅ ወደ ብርሃን ቢያነሡት በሥሩ የተቀረጸ ሥዕል ብቅ ይላል።

ሰብሳቢው ኩባያውን እንደ ሰነድ ያነባል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለጎብኚዎችና ለአሜሪካ ወታደሮች ብዙ ቅጂ ስለተሠራ፣ የሬጅመንቱ ቁጥር ከከተማውና ከደንብ ልብሱ ጋር መስማማቱን ይመረምራል። ዕቃው ስለ ራሱ ይመሰክራል።

በጎጃም ዳሞት፣ ማለትም በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ግን ይህ የአሰባሰብ ስልት ይከሽፋል። ዋንጫ ከከብት ቀንድ ይሠራል፤ ቀንዱ በሙቀት ይለሰልሳል፣ ይፋቃል፣ ሥሩ በእንጨት ይደፈናል። ሄንሪ ሶልት በ1814 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ የሳንጋ ቀንድ መጠጥ መያዣ እንደሚሆን ጽፏል። በመኳንንት ግብር ላይ ጠጅ በዋንጫና በብርሌ ሲቀርብ፣ ፉከራውና ሽለላው ከመጠጡ ጋር አብሮ ይሰማ ነበር። የጀርመኑ ወታደር ጓዶቹን በቀለም አጻፈ፤ የጎጃሙ ጦረኛ የውሎውን ታሪክ በአንደበቱ አሰማ፣ ዋንጫውም ባዶ ገላ ይዞ ቀረ።

የ1933 ዓ.ም.ን ዘመን ብንወስድ፣ ጣሊያን የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ ሲያፈገፍግ፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህን የመሰሉ የጎጃም አርበኞች ከዚያ በፊት ለዓመታት ሲዋጉ ቆይተው ነበር። ከዚያ ዘመን አንድ ዋንጫ በአንድ ቤት ቢገኝና ቤተሰቡ «አባታችን ከጫካ ወጥቶ የጠጣበት ነው» ቢል፣ ቃሉን የሚያረጋግጥ ፊደል ከቀንዱ ላይ አይገኝም። ማስረጃው ተናጋሪው ነው። ዋንጫው በገንዘብ ተገዝቶ አዲስ አበባ ሲደርስ ከመቶ ሌሎች የሚለየው ነገር አይኖርም። ሰብሳቢ ሁሉ ሊያሳስበው የሚገባው ትልቁ ጉዳት፣ በእኔ እይታ፣ ይኸው ነው።

ከጓዶች ስም ዝርዝር ጋር የሚቀራረብ የአገራችን ዕቃ ካለ የማኅበር ጽዋ ነው። አባላቱ በየወሩ በተራ ይደግሳሉ፤ ካህኑ ይባርካል፣ ጽዋውም ለባለተራው ይተላለፋል። የአባላቱ ዝርዝር በተራው ቅደም ተከተል ውስጥ ይኖራል። የሞተውን ልጁ ወይም ዘመዱ ይተካል፤ ስለዚህ ከኩባያው ዝርዝር በተቃራኒ አልተዘጋም። ጽዋውን ለኤግዚቢሽን ብሎ ከማኅበሩ መንጠቅ ዝርዝሩን መቁረጥ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለው አሰባሰብ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግለሰብ እጅ ያለ ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል። መዝገቡ ግን ቁመትና ስፋት ለክቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ ቢቆም፣ ለጀርመኑ ኩባያ የሚበቃው ለዳሞቱ ዋንጫ አይበቃም። የባለቤቱ ቃል በድምፅ ይቀዳ፤ ከማን እንደወረሰው፣ በየትኛው ድግስ እንደሚወጣ፣ ለማን ቀድሞ እንደሚቀዳበት፣ ጎረቤትም ታሪኩን በምን መልኩ እንደሚያውቀው ይጠየቅ። የሁለቱ ቃል ቢለያይ ልዩነቱም ይመዝገብ። ጠላው በፕላስቲክና በብርጭቆ መቅረብ በጀመረበት ቤት ዋንጫው ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቆይ ይሆናል፤ የአርበኞቹ ልጆች ግን አርጅተዋል፤ ቀረጻው ከግዢው መቅደም አለበት።