የወረቀት እጥፋት ውዳሴ

በቡና አገር በአጋሮ፣ ክረምቱ አልፎ ትምህርት ቤቶች በሚከፈቱበት ወራት፣ ካለፈው ዓመት ደብተር የተረፈ አንድ ነጠላ ወረቀት ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ ምን ያህል ዕውቀት እንደሚያወርስ አስተውሎ በሕፃናቱ እጅ የሚያኖር መምህር፣ በእውነት ምስጋና ይገባዋል። ወረቀቱ አንድ ጊዜ ሲታጠፍ እኩሌታ፣ ዳግመኛ ሲታጠፍ ሩብ፣ ሦስተኛ ሲታጠፍ ስምንተኛ እጅ ይሆናልና፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ረቂቅ ሆኖ ሕፃኑን ያስጨንቀው የነበረው ክፍልፋይ፣ ግዙፍ አካል ነሥቶ በጣት ይዳሰሳል። እኩል ጎኖች ያሉት ወረቀት ከጥግ ወደ ጥግ ቢታጠፍም፣ የ90 ዲግሪው ማዕዘን ለሁለት ተከፍሎ 45 ዲግሪ መሆኑን ያለ ማስመሪያ ይመሰክራል። ጀርመናዊው መምህር ፍሪድሪኽ ፍሮብል በ19ኛው መቶ ዘመን ወረቀት ማጠፍን ከሕፃናት ትምህርት ጋር ማዋሐዱ እጅግ የተገባ ነበር።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ከወረቀት የሚሠራውን የቡና ቅርንጫፍ ነው፤ ሕፃናቱ አረንጓዴ ከቀቡት ወረቀት ቅጠሉን ሲቆርጡ፣ ዕለት ዕለት በአጠገቡ የሚያልፉት ተክል ቅጠሎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ፊት ለፊት እንደሚያበቅል፣ በቀዩ ፍሬ ውስጥም ብዙውን ጊዜ ሁለት ዘር እንደሚያኖር ልብ ብለው ያያሉ። መቀስ በታጣ ጊዜ በጥፍር ተጭኖ የጸና እጥፋት ቀጥ ብሎ ይቀደዳል፤ ሙጫ በሌለበትም በውኃ ተበጥብጦ የበሰለ ዱቄት ያጣብቃል። ይህ ሥራ ባይኖር፣ እጁ ፈጣን ሆኖ አንደበቱ የሚዘገይ ሕፃን፣ ማስተዋሉን ለመምህሩ የሚገልጥበት ሰዓት ባላገኘ ነበር።