አስመሳይ ትዕዛዝ ምን ያህል ይታመናል?

የተማሪዎችን ውጤት ጠቅልሎ ፍላሽ ላይ የሚያስቀምጥና የቆየውን ፋይል የሚያጠፋ ስክሪፕት ጻፍን እንበል። በትክክል መሥራቱን በምን እናውቃለን? ዝም ብለን ብናስኬደውና ስሕተት ቢኖርበት የጠፋው ውጤት አይመለስም። በካምፕ ውስጥ ደግሞ ያ ውጤት ተማሪው ለመማሩ ያለው ብቸኛ ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ሲባል በባሽ የሚሠሩ ሰዎች አስመሳይ ፈንክሽን፣ ማለትም ሞክ የሚባለውን ይጠቀማሉ። ባሽ አንድ የትዕዛዝ ስም ሲሰጠው በዚያ ስም የተጻፈ ፈንክሽን መኖሩን ያያል፤ ዲስክ ላይ ያለውን ፕሮግራም የሚፈልገው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በሙከራው ፋይል ውስጥ «አርኤም» የሚል ፈንክሽን ጽፈን ስክሪፕቱን በ«ሶርስ» ብንጠራው፣ ፋይል ሳይጠፋ ምን ሊያጠፋ እንደነበር ብቻ ይመዘገብልናል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ባትስ የተባለ ነጻ የመሞከሪያ መሣሪያም ከዚህ ዘዴ ጋር አብሮ ይሠራል።

ጥቅሙን አንክድም። ዲስክ ሳንሞላ «ዲስኩ ሞልቷል» የሚለውን ስሕተት፣ ገመድ ሳንነቅል የኔትወርክ መቋረጥን ማስመሰል እንችላለን። ኢንተርኔትም አያስፈልገንም።

ሆኖም ሲወደስ የምንሰማውን ያህል አስተማማኝ አይደለም እንላለን።

አንደኛ፣ ስክሪፕቱ አርኤምን ከነሙሉ አድራሻው ከጠራው ወይም በሱዶ፣ በፋይንድ ወይም በኤክስአርግስ በኩል ካስኬደው አስመሳዩ ይታለፋል፤ እውነተኛው ይሠራል፤ ፋይሉም ይጠፋል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥል ማለት ይኸው ነው!

ሁለተኛ፣ ብዙዎች አስመሳዩ የተቀበለውን ሁሉ በ«ዶላር ኮከብ» አንድ መስመር ላይ ይጽፋሉ። «የክፍል ውጤት» የሚል ክፍተት ያለው የፋይል ስም የጥቅስ ምልክት ተረስቶ ለሁለት ቢሰነጠቅ፣ መዝገቡ ላይ ልዩነቱ አይታይም። እያንዳንዱ በየራሱ መስመር ቢጻፍ ግን ወዲያው ይጋለጣል።

ሦስተኛ፣ አስመሳዩ የሚያውቀው እኛ የነገርነውን ብቻ ነው። ግኑ ታር ሲሳካለት 0፣ ከባድ ስሕተት ሲገጥመው 2 ይመልሳል፤ ፋይሉ እየተጠቀለለ ሳለ ከተለወጠ ግን 1 ነው። 1ን ካላስመሰልን፣ መምህሩ ውጤት እየሞላ ሳለ ስክሪፕቱ ቢነሳ ምን እንደሚያደርግ ሙከራው አይነግረንም።

ታዲያ ይቅር ወይ? የለም፣ አይቅር። አስመሳዩ ስሕተት ለማስመሰል ይዋል። ስክሪፕቱ ደግሞ የሚሠራበትን ፎልደር ከውጭ እንዲቀበል አድርገን እንጻፈው። ከዚያ በ«ኤምኬቴምፕ» ባዶ ጊዜያዊ ፎልደር ከፍተን፣ የልምምድ ፋይሎች አስገብተን፣ በእውነተኞቹ ትዕዛዞች እናስኬደው፤ የተጠቀለለውንም ፈትተን ከዋናው ጋር እናወዳድር። ሁለቱም ሳይሞከሩ ስክሪፕቱ የተማሪዎች ውጤት ያለበት ኮምፒውተር ላይ ባይጫን ይሻላል።